ለብቻ ለማንበብ በጥንድ ማንበብ

«ተማሪዎቻችን ልብ ወለድ አያነቡም» የሚለው ስሞታ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከሻይ ጋር አብሮ የሚቀርብ የዘወትር ወሬ ከሆነ ቈይቷል። እኛም ለብዙ ዓመታት ስንለው ኖረናል። ይሁን እንጂ ጠጋ ብለን ስንመረምረው ነገሩ እንደሚወራው ሆኖ አላገኘነውም። አንድን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብንጠይቀው፣ ሰብለ ወንጌል የማን ልጅ እንደ ሆነች፣ ጉዱ ካሣ ለምን «ጉዱ» እንደ ተባለ፣ በዛብህ በመጨረሻ ምን እንደ ደረሰበት ሳይደነቃቀፍ ይነግረናል። መጽሐፉን አንብቦት እንደ ሆነ ስንጠይቀው ግን ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ታሪኩን ከታላቅ ወንድሙ ሰምቶታል፤ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ቅጂ አዳምጧል፤ ወይም ደግሞ፣ ይህ ከሁሉ ይብሳል፣ እኛው መምህራኑ ሰሌዳ ላይ ከጻፍነው ማስታወሻ ገልብጦታል። ታሪኩን ያውቃል፤ ልብ ወለዱን ግን አላነበበም።

ይህን ልዩነት የምናነሣው ነገር ለማክበድ አይደለም። ታሪኩ በዐሥር ደቂቃ ተነግሮ ያልቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው። እነዚያን ገጾች የሚያልፍ አንባቢ ለሳምንታት ከሰዎቹ ጋር አብሮ መሰንበት፣ በፊታውራሪ መሸሻ መናደድ፣ ማንም ሳያየው ለብቻው መሣቅ፣ ሲሰለቸው መጽሐፉን አጥፎ ማስቀመጥና በማግሥቱ ተመልሶ ማንሣት ይኖርበታል። ይህ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በማስታወሻ አይተላለፍም። ታዲያ በምን ይተላለፋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ጥንድ ንባብ» የተባለውን ዘዴ ነው። የምንመለከተው ለማወደስ ብቻ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ እናስታውቃለን፤ ዘዴው በእኛው እጅ ሲበላሽ ስላየን ሂሱ በመጀመሪያ የሚያርፈው በራሳችን ላይ ነው።

ነገሩን የምንመረምረው ሞያሌን ይዘን ነው። ሞያሌ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን መካከሏን የሚያልፍባት ከተማ ናት። በወዲህም ሆነ በወዲያ ያለው ልጅ እቤቱ ቦረንኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ቡርጂኛ ይናገራል፤ ገበያ ሲወጣ አማርኛውን ከስዋሂሊው ጋር ያቀላቅላል። እናቶቹ ከአንድ ገበያ ይሸምታሉ፤ ፍየሎቹም ወሰኑን አያውቁትም። የንባብ መንገዳቸው የሚለያየው የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፉ ነው። አንድ ዓይነት ልጅ በሁለት ዓይነት የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ሲያልፍ ማየት የፈለገ መምህር ከሞያሌ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

በኬንያው በኩል ልብ ወለድ ግዴታ ነው። ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ የሚፈተነው ብሔራዊ ፈተና ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ወረቀት ከተመረጡ መጻሕፍት ይጠይቃል፤ የስዋሂሊውም ሦስተኛ ወረቀት እንደዚሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዚህ ከተመረጡት መካከል የሄንሪ ኦሌ ኩሌት «ብሎሰምስ ኦቭ ዘ ሳቫና» አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመና በማግሥቱ ዓመት የጆሞ ኬንያታን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ነው። ጥሩ መጽሐፍ መመረጡ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገበያው ወዲያውኑ ማጠቃለያ መጽሐፍ ያወጣል፤ ስዋሂሊዎቹ «ምዎንጎዞ» ይሉታል፣ መሪ ወይም መመሪያ እንደ ማለት ነው። ተማሪው የየምዕራፉን ፍሬ ነገር፣ የገጸ ባሕርያቱን ጠባይ፣ የሚጠበቁትን ጥያቄዎች ከዚያ ያጠናል። ፈተናው ባለፈ ማግሥት መጽሐፉም ምዎንጎዞውም እኩል ይረሳሉ።

በኢትዮጵያው በኩል ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የአማርኛ ወረቀት የለውም፤ የትኛውንም ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ መገኘትን የሚጠይቅ ፈተና የለም። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ቅንጫቢ ነው፤ ሁለት ገጽ፣ ከሥሩ ዐሥር ጥያቄ። ተማሪው አንድን ደራሲ የሚተዋወቀው መንገድ ላይ ሰላም ብሎት እንደሚያልፍ ሰው ነው። እንግዲህ በአንደኛው ወገን ልብ ወለዱ በግዴታ ብዛት ሲደርቅ፣ በሌላው ወገን ጠያቂ አጥቶ ቀርቷል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብንባል የኬንያውን እንመርጣለን፤ ቢያንስ መጽሐፉ ተማሪው እጅ ይገባልና። ነገር ግን ፈተናው ካበቃ በኋላ በራሱ ፈቃድ መጽሐፍ የሚያነሣ ሰው ከማፍራት አንጻር ሁለቱም ሥርዓቶች እጃቸው ባዶ ነው።

ጥንድ ንባብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዘዴውን በእንግሊዝ አገር በ1970ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ሮጀር ሞርጋን የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነበር፤ በኋላ ኪት ቶፒንግ በኪርክሊስ አውራጃ ትምህርት ቤቶች አስፋፋው፣ በተማሪና በተማሪ መካከልም እንዲሠራበት አደረገ። አሠራሩ ቀላል ነው። ደከም ያለው አንባቢ መጽሐፉን ራሱ ይመርጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በደካማው ፍጥነት፣ በአንድ ድምፅ፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። ቃል ሲያስቸግረው ብርቱው አራት አምስት ሰኮንድ ያህል ይታገሠዋል፤ ካልሆነለት ቃሉን ይነግረዋል፤ ያኛው ይደግመዋል፤ ንባቡ ይቀጥላል። «እንዴት ይህን አታውቅም?» የለ፣ ፊደል ማስቈጠር የለ፣ ቁጣም የለ። ከዚያም ደካማው በራሱ ሲተማመን አስቀድመው የተስማሙበትን ምልክት ይሰጣል፤ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ ያደርጋል። በዚህን ጊዜ ብርቱው ዝም ይላል፤ ያኛው ብቻውን ይቀጥላል። ሲሳሳት ድምፃቸው እንደገና ይገጥማል፤ ሲበረታ እንደገና ጠረጴዛውን ይመታል። በየቀኑ ከዐሥር ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ፣ ለሁለት ወር ያህል የሚቀጥል ሥራ ነው።

የዘዴው ነፍስ ያለችው በምልክቷ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ብዙዎቻችን ጥንድ ንባብ ሲባል «ጎበዙ ሰነፉን ያስጠናል» ብለን እንረዳዋለን። እንደዚያማ ከሆነ አዲስ ነገር የለውም። አዲሱ ነገር «አሁን ተወኝ፣ ብቻዬን ልሂድ» የማለት ሥልጣን የተሰጠው ለደካማው መሆኑ ነው። አብሮ ማንበቡ መንገድ ነው፤ መድረሻው ብቻን ማንበብ ነው።

አብሮ ማንበቡማ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ሕፃን ከአንድ ከፍ ካለ ተማሪ ሥር ተቀምጦ መልእክተ ዮሐንስን ይቈጥራል፤ ከቁጥር ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ ሲሸጋገር ድምፁ ከአስተማሪው ድምፅ ጋር እየገጠመ ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ በእንጨት ሎሑ ላይ የጻፈውን ከመምህሩ ወይም ከታላቁ ጋር እየደጋገመ ያነባል፤ ሲያውቀው ሎሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ከሞያሌ ተማሪዎች ብዙዎቹ ንባብ የሚባለውን ነገር በመጀመሪያ ያዩት በዚህ መልክ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሆኖ ጮክ ብሎ ማንበብ አያሳፍራቸውም። ልዩነቱ በሁለቱም ቦታ የንባቡ ግብ ቃሉን ሳያዛቡ መያዝ መሆኑ ነው፤ ለተቀደሰ ጽሑፍ ተገቢ ነው። ልብ ወለድ ግን ይህን አይጠይቅም። አንዲት ቃል ብታመልጥም ሰውየው አሁንም እየተናደደ፣ ልጅቱም አሁንም እያለቀሰች ነው። ተማሪው በዚህ ልክ እንዲዝናና ካልፈቀድንለት በየገጹ የተሳሳተውን ሲያርም ውሎ ታሪኩ ከእጁ ያመልጠዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋን ሌላው ውርሳችን ነው። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በትምህርት ቤቶቻችን የተዘረጋውን «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት የማያስታውስ መምህር የለም። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ሌሎችን ይመራ ነበር፤ ሪፖርት ይጻፍ ነበር፤ ቅጽ ይሞላ ነበር። ሐሳቡ መደጋገፍ ነበር ቢባልም በብዙ ክፍሎች ያየነው አንዱ ሠርቶ አምስቱ ሲገለብጡ ነው። መሪው መሪ ሆኖ ቀረ፤ ተመሪውም ተመሪ። የሚለያዩበት ቀን አልተቈረጠላቸውም ነበርና። ጥንድ ንባብን ወደ ክፍላችን ስናስገባ ሳናውቀው የተከተልነው ይህንኑ ፈለግ ነው።

የሠራናቸውን ስሕተቶች እንናገር። የመጀመሪያው አመራረጣችን ነበር። የክፍሉን ውጤት ዘርዝረን አንደኛውን ከመጨረሻው፣ ሁለተኛውን ከመጨረሻው በላይ ካለው ጋር አጣመርን። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በተግባር ግን የንባብ አቅማቸው ሰማይና ምድር ስለ ነበር ብርቱው በሁለተኛው ቀን ተሰላቸ፤ ደካማው በሦስተኛው ቀን ቀረ። ርቀቱ መጠነኛ ሊሆን ይገባዋል፤ ብርቱው እንዲረዳ፣ ደካማውም እንዳያፍር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚዋደዱ መሆን አለባቸው። አብረው ውኃ የሚቀዱ፣ አብረው ወደ ቤት የሚሄዱ ሁለት ልጃገረዶች እኛ በውጤት ዝርዝር ካጣመርናቸው ጥንዶች ሁሉ ቀድመው መጽሐፋቸውን ጨረሱ።

ሁለተኛው ስሕተት እርማት ነው። አንድ ቀን አንድ ጥንድ አጠገብ ቆመን ስናዳምጥ፣ ብርቱው ልጅ የጓደኛውን ቃል ገና ከአፉ ሳይወጣ እየነጠቀ ይጨርስለት ነበር። ቃሉን ማወቁን ለእኛ ማሳየቱ ነው። ደካማው ልጅ ቀና ብሎ አየንና «ቲቸር፣ እሱ ያንብብልኝ፣ እኔ እሰማለሁ» አለን። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ ግን ዘዴው የት ላይ እንደሚሞት አሳየችን። አራቱ ሰኮንዶች ለአማርኛ መምህር ረጅም ጊዜ ናቸው፤ ለብርቱ ተማሪማ ከዚያ ይብሳሉ። ጸጥታውን የሚችል አጋዥ ማሠልጠን ንባቡን ከማስጀመር የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛው ስሕተት የኛ የመምህራን የቆየ በሽታ ነው። ንባቡ መልካም መሄድ ሲጀምር ወዲያው ጥያቄ አዘጋጀን፤ «የምዕራፉን ጭብጥ በአምስት መስመር ግለጽ» እና የመሳሰለውን። በሳምንቱ የተሰበሰቡት መልሶች ሁሉ ከአንድ ደብተር የተገለበጡ ነበሩ። ምዎንጎዞውን ከኬንያ ሳናስመጣ እዚሁ አመረትነው ማለት ነው። ጥያቄውን ስንተወው ግን ሌላ ነገር ሰማን፤ ሁለቱ ልጆች ፍታውራሪው ትክክል ነው አይደለም እያሉ እስከ ደጅ ድረስ ሲከራከሩ። ለዚያ ክርክር ማርክ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ይቆም ነበር።

አሁን ሞያሌ ላይ ብቻ ወደሚያጋጥም ጉዳይ እንምጣ፤ እርሱም የቋንቋና የፊደል ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ዘዴው ሲጀመር አጋዦቹ ወላጆች ነበሩ። ይህ እዚህ ሊሠራ የሚችለው በጥቂቱ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ማንበብ የተማረ አባት የተማረው በግእዝ ፊደል ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሁሉም የሚጻፉት በዚሁ ፊደል ነበርና። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ይጻፋል። ስለዚህ አባትና ልጅ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንዱ የሌላውን ገጽ ማንበብ አይችሉም። ወሰኑን ተሻግረን ስንሄድ ደግሞ ልጁ የሚማረው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ከተገደሉ በኋላ በሺዎች የሚቈጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኬንያ ተሻግረው በተጠለሉ ጊዜ፣ የአንድ ቤት ልጆች ትምህርት በአንድ ሌሊት ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ቦታ «እቤትህ ከወላጅህ ጋር አንብብ» ማለት ሥራውን ካለመሥራት አይለይም።

ስለዚህ ጥንዱ ተማሪና ተማሪ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሞያሌ ጉድለቷ የመሰለው ነገር ሀብቷ ይሆናል። አማርኛ አፏን የፈታች ልጅና ቦረንኛ አፏን የፈታች ልጅ ተጣምረው አማርኛ ልብ ወለድ ሲያነቡ የመጀመሪያዋ ብርቱ ናት፤ በሚቀጥለው ወር የገዲሳ ብሩን «ኩሣ ገዶ» ሲያነቡ ብርቱዋ ሁለተኛዋ ትሆናለች። ወንበር ይለዋወጣሉ። ዛሬ አጋዥ የሆነ ሰው ነገ ታጋዥ መሆኑን ካወቀ ጓደኛውን አይንቅም፤ ቃልም አይነጥቅም። የ«አንድ ለአምስት» መሪ ያጣው ይህን ነው። ቶፒንግ በሥራው ደጋግሞ የጻፈው አጋዡም ከታጋዡ ባልተናነሰ እንደሚጠቀም ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም በየተራ ሁለቱንም ይሆናሉ።

ምን ይነበብ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በደካማው ምርጫ ይሁን ብለናል፤ ቢሆንም መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ የሚወስነው መምህሩ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ለቦረና ልጅ ቀላል አይደለም። የጎጃም አነጋገር፣ የቤተ ክህነት ቃላት፣ የማዕረግ ስሞች ይበዙበታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ጥንድ በዚህ ቢጀምር በሃምሳኛው ገጽ ላይ ሊያቆም ይችላል። የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» በመሰለ አጠር ያለ፣ ከተሜ አማርኛ በሚናገር መጽሐፍ ጀምሮ ወደዚያ መምጣት ይሻላል። ሆኖም መምጣቱ ግድ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ስለ ጥንድ ንባብ ከማንም በፊት የጻፉልን ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

ነገሩን እናስታውስ። በዛብህ የድኻ ልጅ ነው፤ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት ሊያስተምር ነው። በዘር፣ በሀብት፣ በማዕረግ እሷ ከላይ ናት፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ግን የሚያውቀው እሱ ነው። ለጥቂት ጊዜ የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል። ፍቅራቸው የበቀለው በዚያች በተገለበጠች ሰዓት ውስጥ ነው። ብዙ ሐያስያን የመጽሐፉን ጉልበት በጉዱ ካሣ ንግግሮች ላይ ሲፈልጉት እንሰማለን፤ ለእኛ ግን ያ የትምህርት ሰዓት ከንግግሮቹ ይበልጥብናል፤ ጉዱ ካሣ በቃል የሚለውን ሁለቱ ልጆች አንድ ገጽ ላይ ተጎንብሰው ያደርጉታልና።

ከዚህ ጎን የፋራህ መሐመድ ጃማ አወልን የሶማልኛ ልብ ወለድ እናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1974 በሞቃዲሾ የታተመ ነው፤ ርእሱ በአማርኛ «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» ማለት ነው። በዚህኛው ፊደል የምታውቀው ልጅቱ አውራላ ናት። ጀግናው ዓሊማሕ አያነብም። ደብዳቤ ትልክለታለች፤ ሌላ ሰው እንዲያነብለት ግድ ይሆንበታል። ለእሱ ብቻ የተጻፈው ነገር ከእሱ አስቀድሞ በሌላ ሰው ዐይን ሥር አለፈ። ለብቻ ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘንም፤ ብቻውን ማንበብ የማይችል ሰው ምስጢር የለውም። በዛብህና ሰብለን ያገናኘው አብሮ ማንበብ ነው፤ አውራላንና ዓሊማሕን የጎዳው ለብቻ አለማንበብ ነው። ሦስተኛው ያ ከላይ ያነሣነው የኦሌ ኩሌት መጽሐፍ ነው። ሬሲያንና ታይዮ የተባሉ እኅትማማቾች ከናኩሩ ከተማ ወደ አባታቸው ትውልድ ቦታ ሲመለሱ ግርዛትና ያለ ፈቃድ ጋብቻ ይጠብቃቸዋል፤ እነሱ የሚመኙት ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው። የሞያሌ ልጃገረድ ይህን መጽሐፍ ስታነብ ስለ ሩቅ አገር አይደለም የምታነበው። ለፈተና ብሎ ያነበበው የኬንያው ልጅና ለፈተና ያልተጠየቀው የኢትዮጵያው ልጅ ጎን ለጎን ቢያነቡት፣ አንደኛው ከምዎንጎዞው ውጭ ያለውን መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያገኘው ይችላል።

የበዛብህንና የሰብለን ነገር ያነበቡ ወላጆች «ወንድና ሴት አጣምራችሁ ይህን ልታመጡብን ነው?» ቢሉን ተገቢ ሥጋት ነው። በሞያሌ ወንድን ከወንድ፣ ሴትን ከሴት ማጣመር ይመረጣል፤ ንባቡም በተከፈተ ክፍል ውስጥ ይሁን። በዚህ ላይ ብዙ አንከራከርም።

የመጽሐፍ እጥረትም ይነሣል። እርግጥ ነው፤ መጽሐፍ ወደ ሞያሌ ከየትኛውም ዋና ከተማ ቢነሣ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ዳሩ ግን ጥንድ ንባብ ለሁለት ሰው አንድ ቅጂ ብቻ የሚፈልግ ዘዴ ነው፤ ሃያ ቅጂ ያለው ትምህርት ቤት አርባ ተማሪ ያስነብባል። አንድ ቅጂ ስንት ሰው ሊያነብብ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ነቢይ መኮንንን ያስታውስ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጐመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር። ከዚያ ታሪክ በኋላ ስለ እጥረት ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ይገባናል።

ከሁሉ የከበደን ተቃውሞ የመጣው ከአንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባችን ነው። «ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ እናንተ ልጆቹን በልብ ወለድ ታጫውቷቸዋላችሁ!» አለን። ለቁጥሩ መልስ የለንም፤ ቁጥሩ እውነት ነው። ግን ያ ተፈታኝ የወደቀው ልብ ወለድ ስላነበበ አይደለም። የፊዚክሱንም የታሪኩንም ጥያቄ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ያልለመደ ልጅ ጥያቄውን ከመመለሱ በፊት በጥያቄው ውስጥ ይጠፋል። ንባብ ውጤትን ወዲያው ያሳድጋል ብለን አንምልም። በቀን ዐሥር ደቂቃ ግን ከሒሳቡ የምትሰርቀው ነገር የለም፤ ከዕረፍቱም ላይ ልትወሰድ ትችላለች። ባልደረባችን አልተስማማም፤ እኛም አሁንም እየተከራከርነው ነው።

የሥራውን ፍሬ በምን እንለካው የሚለውን ለመጨረሻ ያቆየነው ሆን ብለን ነው። በ«አንድ ለአምስት» ጊዜ የሚቈጠረው ስንት ቡድን እንዳለ ነበር። በጥንድ ንባብ የሚቈጠረው ግን ስንት ጥንድ እንደ ፈረሰ ነው። ከላይ ያነሣናቸው አብረው ውኃ የሚቀዱት ሁለት ልጃገረዶች ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲጀምሩ በየቀኑ በዕረፍት ሰዓት ከመስኮቱ ሥር ይቀመጡ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛዋ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘናት። ተጣልተው መስሎን «ጓደኛሽ የት አለች?» አልናት።

«ማታ መጽሐፉን ይዛው ሄደች» አለች ቅር ብሏት። «እኔን ሳትጠብቅ ጨረሰችው። እባክዎ ቲቸር፣ መጨረሻውን እንዳትነግረኝ ይንገሩልኝ።»